ስማቸውን ለሰጡኝ አባቴ

ለተከበሩ አቶ አስራደ ውብሸት
የሕፃናት ማሳደጊያው ዋና ሥራ አስኪያጅ
አማኑኤል አካባቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ስምዎ በየመታወቂያችን ላይ ስለሚኖር፣ እኛ ብንታመም እንኳ እርስዎ እንዲታመሙ ከቶ አንመኝም።

እኔ በማሳደጊያዎ ደጃፍ ተጥዬ የተገኘሁት፣ ወላጆቼ ስላልታወቁም በእርስዎ ስም የተመዘገብኩት ሩሀማ ነኝ። ባለፈው መስከረም አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አሰናብተውኛልና፣ ያደረ ምስጋናዬን እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ስለ መሰናበቻው ድግስ አመሰግናለሁ። በካሜራ ፊት አቅፈውን «ልጆቼ» ሲሉን ለጋሾቹ አልቅሰዋል፤ እኔም አልቅሻለሁ። የሸለሙን ባዶ ሻንጣም ከስድስት ሰዎች ጋር ሰባተኛ ሆኜ በአዳር በምከራያት ቆጥ ላይ ትራስ ሆኖኛል።

፪ኛ፦ ስለ ስምዎ አመሰግናለሁ። መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱት ጋሼ ሙናዊር ሊቀጥሩኝ ወደው፣ ዕቃ የሚረከብ ሰው ሁሉ እንደሚጠየቀው ዋስ ጠየቁኝ። አባቷ አሉ ብለውም ሳይጨነቁ ሳምንት ጠበቁኝ። ወደ እርስዎ ብመጣ፣ ጠባይዋን ስለማላውቅ አልፈርምም ብለው በጥበቃው በኩል ላኩብኝ። ከዳዴ ጀምሮ ያሳደጉትን ልጅ ጠባይ አለማወቅ ትልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእርስዎ ግን ከሱቅ በር አላሳለፈኝም። ጋሼ ሙናዊርም እያዘኑ ሌላ ሰው ቀጠሩ።

ቀበሌ ሄጄ ወላጅ የሌላት ብላችሁ ጻፉልኝና ከችግረኞች ጋር ልረዳ ብል ደግሞ፣ አባትሽ በሕይወት አሉ፣ ያውም የተከበሩ ሰው ናቸው ተባልኩ። እንግዲህ በቀበሌው ዘንድ አባት አለኝ፣ በእርስዎ ዘንድ ግን የለኝም፤ ሁለቱንም ውሳኔዎች በአክብሮት ተቀብያለሁ።

፫ኛው ምስጋና የእኔ አይደለም። አብራኝ የተሰናበተችው ፍሬሕይወትም ዋስ አጥታ ስትንከራተት ከረመች። ዋስ ያልጠየቃት አንድ ደላላ ብቻ ነበር፤ ወደ ቤይሩት ላካት። ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም፤ እውነቱን ለመናገር እፈራለሁ። እሷም የአባቷ ስም አስራደ ነው። መርዶ ቢመጣ የሚነገረው ለአባት ነውና፣ ያን ዕለት እንኳ ጥበቃው መልእክተኛውን ከበር እንዳይመልሰው ይንገሩልኝ።

ክቡርነትዎ ዋስ ፍለጋ ከሰው ደጅ ሳይቆሙ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በስምዎ የምትጠራው
ሩሀማ አስራደ
መርካቶ፣ መጋቢት ፲፱፻፺፯ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ሰሞኑን አንዲት ሕፃን በደጃፍዎ ተገኝታ በስምዎ መመዝገቧን ሰማሁ። እባክዎ፣ ለእሷ እንኳ ስምዎ ይቅርባት፤ ጊዜዋ ሲደርስ ፊርማዎን ይስጧት።