በወረቀቱ ሠላሳ ሦስት

ግንቦት 19

ዛሬም ሌሞ ወረዳ። ዝናብ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና የቀረውን መንገድ በጋሪ ሄድን። ፈረሱ ራሱ ሰልችቶታል። ምንጩ እንዳለ አለ፤ ቧንቧው ነው የሌለው። የቀበሌው ሴቶች ከበቡኝ። «መሃንዲሷ፣ ዘንድሮስ?» ምን ልበላቸው? ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ውሃው ከወረደ ሁለት ዓመቱ...

ቢሮ ስመለስ የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት መጥቷል። ማዳመጥ ሰባት ተኩል። ማንበብ ሰባት ተኩል። መናገር ሰባት። መጻፍ ስድስት ተኩል። ባለፈውም መጻፍ ስድስት ተኩል ነበር። ከአራቱ አንዱ ከሰባት ካነሰ ደግሞ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ምን በድዬው ነው ይሄ መጻፍ?

ይሁን። ያለ እሱም ስልሳ አምስት አለኝ፣ አውስትራሊያ ለባለሙያ ቪዛ የምትጠይቀው ትንሹ። ዕድሜ ሠላሳ። ዲግሪ አሥራ አምስት። ሥራ አሥር። ባል ስለሌለኝ አሥር። ትርፊት ይሄን የመጨረሻውን ስትሰማ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ እሷ ስትስቅ የሂሳብ ክፍል ሰዎች መጥተው ምን ተገኘ ይላሉ። «እዚህ ባል የላቸውም ብለው ያሙናል፣ እዚያ ነጥብ ይሰጡናል? እኔም ልመዝገብ!»

ማመልከቻዬ ገብቷል። በየወሩ ከተሰለፈው ሰው ይመርጣሉ። መጠበቅ ነው እንግዲህ።

ግንቦት 29

አረፋ። ጃጁራ፣ አባ ቤት።

ከበጉ እርድ በኋላ ወንድሜ ሙኒር ከጆሃንስበርግ በቪዲዮ ደወለ። ልጁ ነጂባ ስልኩን ተቀብላ አባቷን አፍጥጣ አየችውና «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ነው» አለች። ወንድሜ ሳቀ። በሆድ ትቷት ነው የሄደው።

እሱ በደላላ ሲወጣ መንገድ ላይ ድምፁ ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ አልረሳውም። አባ ስልኩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚውለው፣ የሚያድረው። ያኔ ነው ቃል የገባሁለት። «እኔ በወረቀት ነው የምሄደው፣ አባ። በቀን፣ በአውሮፕላን፣ አንተ ሸኝተኸኝ።» ዛሬም ሙኒር ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ወጋኝ። «እኔ በእግሬ ደረስኩ፤ አንቺ በወረቀት የት ደረስሽ?»

የእጮኛዬ የፈትሁዲን እናት ዒድ ሊሉን መጥተው ነበር። ሻዩን ሳይጨርሱ ጀመሩ። «ኒካሁስ? ለመውሊድ አላችሁ፣ ለረመዳን መግቢያ አላችሁ፣ ለአረፋ አላችሁ...» አባ አየኝ። እኔ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ሰኔ 3

ፈትሁዲን ሱቅ ገባሁ። መናኸሪያው ጀርባ፣ የባጃጅ መለዋወጫ። እጁ ግራሶ ስለሆነ በክንዱ ሰላም አለኝ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት፤ እስከ ዛሬ «ፕሮሰሱ» እያልኩ ነበር የማልፈው። ቪዛው ሲመጣ ኒካህ አስረን፣ ቀድሜ ሄጄ፣ ከዚያ እሱን አስመጣዋለሁ። አሁን ካገባሁ ግን አሥሩ ነጥብ ይሄዳል።

«ማለት... እኔን ስታገቢ ይቀነስብሻል።»

«ለጊዜው ነው።»

«እኔ ሲቀነስ አሥር ነኝ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለምንድነው የሳቅኩት?

ሰኔ 30

የዚህ ወር ምርጫ አለፈ። ኢሜል የለም።

ሐምሌ 9



ምሳ ሰዓት ላይ ትርፊት ስለ ራሷ ነጥብ እያሰላች፣ «ያንቺ ልደት መቼ ነው?» አለችኝ። መስከረም አንድ። «ስንት ይሞላሻል?» ሠላሳ አንድ አልኳት፣ ሳላስብ። ከዚያ ቆምኩ።

ሠላሳ አንድ በቤት ነው። ፓስፖርቴ ላይ ግን... ሠላሳ ሦስት።

ሠላሳ ሦስት የሞላው ሰው ከዕድሜ ነጥቡ አምስት ይቀነስበታል። አውቃለሁ እኮ! ሰንጠረዡን በቃሌ ነው የማውቀው። የልደት ቀኔን ራሴ ነኝ የሞላሁት። ግን ዕድሜዬን ሳስብ ሁልጊዜ በቤቱ ነው የማስበው፤ አባ በሚቆጥረው። የወረቀቱ ዕድሜ ለመሥሪያ ቤት የሚለበስ ልብስ ሆኖብኝ፣ ሌላ ሰው የሚያረጅልኝ ይመስል።

መስከረም አንድ ደግሞ ማንም አልወለደኝም። አንደኛ ክፍል የመዘገበን አስተማሪ ለሁላችንም መስከረም አንድ ብሎ ጽፎ ነው። ክፍሉ ሙሉ ልጅ በእንቁጣጣሽ ተወለደ።

ስልሳ አምስት ሲቀነስ አምስት። ስልሳ። ከዝቅተኛው በታች። ሁለት ወር የማይሞላ ጊዜ ነው ያለኝ።

ሐምሌ 12

ጃጁራ ሄድኩ። አባ ጓሮ እንሰቱን እያረመ ነበር። ትምህርት ቤት ስታስገባኝ ስንት ዓመቴ ነበር አልኩት። ማረሚያውን ጣለውና ፊቱ በራ። ይሄን ታሪክ ይወደዋል።

«አምስት! አምስት ነበርሽ። ሙኒር ሰባት። እሱ በጠዋት ሲሄድ አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ታለቅሻለሽ። አንጀቴ አልቻለም፤ ይዤሽ ሄድኩ። አስተማሪው፣ እጅሽን ባናትሽ ላይ አሳልፊና የወዲያኛውን ወገን ጆሮሽን ንኪ አለሽ። ያልነካ አይመዘገብም ነበር ያኔ። አንገትሽን ትንሽ... እንዲህ፣ ዘንበል አደረግኩልሽ። ነካሽ! ሰባት ዓመቷ ነው አልኩት። ወላሂ፣ ከሙኒር እኩል ሄድሽ፣ ከሙኒር በለጥሽ።»

ነገሩን አስረዳሁት። በጣም ግራ ገብቶት፣

«እኔ እኮ ሁለት ዓመት ጨመርኩልሽ እንጂ አልቀነስኩብሽም» አለ።

ምንም አላጠፋህም አልኩት። እውነቴን ነው። ግን ልሄድ ስነሳ ሲስመኝ ፊቴን እንደ ማዞር ብዬ ነበር። አየኝ መሰለኝ።

ሐምሌ 20

አባ በጠዋት ከጃጁራ መጣ። ነጭ ኮፍያ፣ የአረፋው ጀለቢያ። ጠበቃ ጋ ልንሄድ ነው፤ ዕድሜ በፍርድ ቤት ይቃናል ብላ ትርፊት ነግራኝ። አባ ገና ሳይቀመጥ «የት ነው የምምለው?» አለ።

ጠበቃው ጥሩ ሰው ነው። ሰማን። «አባት መስክረው ሊቃና ይችላል» አለ። ከዚያ፣ «ግን ከነሐሴ አንድ እስከ መስከረም መጨረሻ ፍርድ ቤት ዝግ ነው። አሁን ብንከፍት ለጥቅምት ይቀጥሩናል።» ደግሞ ቢቃናስ? የስምንተኛ፣ የአሥረኛ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት፣ ዲግሪው፣ ፓስፖርቱ፣ ሁሉም አሮጌውን ዕድሜ ይዘው ቀሩ። «እዚያ ያሉት ሰዎች፣ ይቺ ልጅ የትኛዋ ናት አይሉም? በአምስት ዓመቷ አንደኛ ክፍል ገባች ቢሏቸውስ ማን ያምናል?»

አባ ደረጃውን ስንወርድ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ለራሱ፣ «ጆሮዋን ነክታ እኮ ነው» አለ።

መናኸሪያ ሸኘሁት። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ አላየኝም።

ሐምሌ 29

ኢሜል የለም።

ነሐሴ 16

አዲስ አበባ ሄጄ ለሦስተኛ ጊዜ ተፈተንኩ። ሰባት ባገኝ አሥር ነጥብ ይጨመራል፤ አምስቱ ቢሄድም እተርፋለሁ። ከተማዋን አላየኋትም። ፈተና፣ አልጋ፣ አውቶብስ። ጽሑፉ ላይ «መንግሥት ለገጠር ውሃ ወይስ ለከተማ መንገድ ቅድሚያ ይስጥ» የሚል መጣልኝ። የሌሞን ሴቶች ጻፍኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ጽፌ አላውቅም።

ነሐሴ 27

ስድስት ተኩል።

ነሐሴ 28

ከአልጋዬ አልተነሳሁም። ለቢሮ አሞኛል አልኩ። ውሸት አይደለም። ትርፊት ሙዝ ይዛ መጣች፤ ልጣ አቀበለችኝ። ልትወጣ ስትል፣ «በስልሳ አምስትም እኮ የሚጠሩት ጥቂት ነው አሉ፣ ብዙ ያለው ብዙ ነው» አለች። ልታጽናናኝ ነው። ማለት ከመጀመሪያውም... የአባ እጅ ባይኖርበትም... ላስበው አልፈልግም።

ጳጉሜ 5

አሁንም ሠላሳ ሁለት ነኝ። ስልኬን ስንት ጊዜ አየሁት? ስልኩ ራሱ ታዘበኝ።

መስከረም 1

ገና ሳልነሳ የግቢው ሕፃናት አደይ ይዘው በሬ ላይ እየዘፈኑ ነበር። ወጥቼ ሰጠኋቸው፣ መረቁኝ። ተመልሼ ስልኬን ሳነሳ ኢሜል አለ። ከእነሱ! ለሰከንድ... ለአንዲት ሰከንድ እንኳን ደስ አለሽ የሚል መሰለኝ።

«የልደት ቀንዎን መሠረት በማድረግ ነጥብዎ ተሻሽሏል። 60።»

ተሻሽሏል። ምን ዓይነት ቃል ነው?... ሰው እንኳ አልጻፈውም፣ ማሽን ነው። ያልተወለድኩበትን ቀን ጠብቆ፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱ ቆረጠልኝ።

ቀኑን ሙሉ ሰው «እንኳን አደረሰሽ» ይለኛል። የት ነው የደረስኩት? ልቅሶው ደግሞ እምቢ አለኝ። ባለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አባ ደወለ። «መጣ?» አለ። አልመጣም አልኩት። «አፉ በይኝ» አለ። አባቴ። እኔን።

መስከረም 5

ከእንግዲህ የላጤነቱን አሥር ነጥብ ማን ይፈልገዋል? ስልሳም ሃምሳም ያው ነው። አራተኛ ጊዜ ልፈተን? አልችልም። አቅሜ አልቋል። ይሄን ሳስብ ግን በብዙ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ትንሽ ቀለል አለኝ። ፀጉሬን ታጠብኩ። ሰማያዊውን ሻሽ አሰርኩ። ፈትሁዲን ጋ ሄድኩ።

ሱቁን እየጠረገ ነበር። ቆሜ፣ እንደ ተማሪ፣ «ኒካሁን እንሰር» አልኩት። «እናትህ ቢፈልጉ በዚሁ ወር።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አየኝ።

«ቪዛው መጣ?»

«ቀረ።»

«እና አሁን እኔ አልቀንስብሽም።»

«እንዲህ አትበል።»

«አንቺ ነሽ ያልሽው፣ ረምላ። እኔ እኮ አልከፋኝም ነበር። ማታ ማታ ግን ሒሳቡ ይመጣብኛል። ሰው ስንት ነው የሚያወጣው እያልኩ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ቀድመሽ፣ ስልሳ አምስቱ በእጅሽ እያለ፣ ብትመጪ...»

«ብመጣ ምን?»

«ብትመጪ ነዋ።»

እናቱ ሾኔ ከተማ ላለች ሌላ ልጅ ሽማግሌ ልከዋል። ከተላከ አንድ ወሩ። እሱም እሺ ብሏል። በእጁ ላይ ግራሶ አልነበረም ዛሬ፤ ግን ሰላም ሲለኝ በክንዱ ነው።

መስከረም 17

ያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ። ከተማው በሰው ተጨናንቋል። ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ልጆች መኪና ተከራይተው ክላክስ ያቀልጣሉ። ትርፊት «ነይ እንውጣ፣ ቤት ተቀምጠሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ብላ ጎተተችኝ። መናኸሪያው ጋ የፈትሁዲን ሱቅ ተዘግቷል፤ በሩ ላይ በሪባን የተሸለመ ባጃጅ ቆሟል። ለሾኔዋ ሙሽራ ነው። ትርፊት እጄን ይዛ ወደ ሌላ መንገድ አዞረችኝ። 

መስከረም 21

ሌሞ። «መሃንዲሷ፣ ዘንድሮስ?»

መስከረም 25

ጃጁራ። አባ በሁለት ወር ውስጥ አርጅቷል። ዓይኑም ደክሟል፤ ሻዩን ሲቀዳ በጣቱ ነው ብርጭቆውን የሚፈልገው።  

ነጂባ ግን ደብተር ይዛ ግቢውን ትዞራለች። የጎረቤት ልጆች ትምህርት ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች አሉ። የልደት ካርድ የላትም፤ ማን ያውጣላት? አባቷ እዚያ። ስድስት ዓመት አልሞላትም። አባ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሮታል። ካርድ ለሌለው ልጅ ያው እንደ ድሮው በእጅ እናየዋለን ብሎታል፤ የነገው ምዝገባ የመጨረሻው ነው።

አባ መካከል ላይ አቆማት። ወራት ሙሉ ያላየሁት ፊቱ ተመለሰ።

«ነይ የኔ ልጅ። እጅሽን ባናትሽ ላይ... አዎ። ዘርጊው። ጆሮሽን ንኪ።»

ነጂባ ከንፈሯን ነክሳ ዘረጋች። አንገቷን ዘንበል የሚያደርግላት አላስፈለጋትም። እጇ ረጅም ነው፣ እንደ እኔ። መሐል ጣቷ የጆሮዋን ጫፍ ያዘ።

«እይልኝ እስቲ ረምላ፣ እኔ አይታየኝም። ነካች?»

«አልነካችም፣ አባ።»

«ትንሽ እንኳ?»

«አልደረሰችም። ለከርሞ ይሁን።»

ነጂባ ጆሮዋን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። «ነክቼዋለሁ እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እኔ ያላየሁ መስሏት። ልታሳየኝ ጆሮዋን ሳብ አደረገችው።

«አልነካሽም» አልኳት።

አባ እጁን በአየር ላይ እየዳበሰ ራሷን አገኘውና አሻሸላት። ለከርሞ ነው የኔ ልጅ፣ ለከርሞ፣ እያለ። እሷ ግን እጇን አላወረደችም።