የሚተነፍሰው በየት ነው?

ኅዳር 4
ሞተሩ ዛሬም ዘይት ተፋ። ታናሽ ወንድሜ ግቢው ውስጥ ባለው ሼድ አውሮፕላን መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ የኔ ድርሻ። ከተገጨ መኪና ላይ ፈትቼ ያመጣሁት... ፒስተን የለውም፣ ውስጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚሽከረከረው። አሥር ደቂቃ ይሠራና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ፈንጥሮ ያወጣዋል። ሦስተኛ ሳምንቴ። ሃያ ሁለት ዓመት መካኒክ ሆኜ!
ታናሼ ወለሉን ጠረገ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 6
ቧንቧ ሠሪ አመጣብኝ። የታናሼን ቤት ሲንክ ሊጠግን የመጣ ሰውዬ ነው። "ጋሼ፣ እስቲ እሱም ይየው" አለኝ ታናሼ። ይየው!
ሰውዬው ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ ይሄ ሞተር የሚተነፍሰው በየት ነው?"
አሳየሁት። ከሞተሩ ሆድ ጭሱንና እንፋሎቱን የሚያወጣ፣ አውራ ጣት የሚያህል ጎማ ቱቦ። ያሰርኩት እኔ ነኝ። በጣቱ እየተከተለ ሄደና መሃል ላይ፣ ረገብ ያለበት ቦታ ቆመ። "እንደ ሲንክ ሥር ጠማማ ቧንቧ ሆናለች እኮ! እዚህ ጋ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ አየር አያሳልፍም።"
ፈታነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ዘይትና ውሃ ወረደ። ታናሼ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። እሱን እያየ።
ቆሽቴ አረረ።

ኅዳር 9
ቧንቧ ሠሪው ጎማውን በብረት ቧንቧ ቀየረው። ቁልቁል ብቻ የሚሄድ። መሃል ላይ ዘይቱን የምታጠራቅም ጣሳ፣ ጫፉ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ወደ ውጭ። ሞተሩ አንድ ሰዓት ሠራ፣ ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ብየዳው ያምራል። ከኔ ያምራል... ይሄን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።
"እጁ ወርቅ ነው" ይላል ታናሼ። ለኔ እንዲህ ብሎ ያውቃል? ላስታውስ... አያውቅም።

ኅዳር 12
ሁለተኛው ወንበር! ክንፉ ገና ጣውላ ሳለ "ጋሼ፣ ይቺ ያንተ ናት" ብሎኝ ነበር። ዛሬ ቧንቧ ሠሪው ተቀምጦባታል። ለሙከራ ነው አሉ። ቀበቶውን ያሰረለት ታናሼ ነው፣ በገዛ እጁ።
ባለቤቴ "በአርባ ስምንት ዓመትህ እንደ ሕፃን ታኮርፋለህ?" አለችኝ። አላኮረፍኩም። እራት ያልበላሁት ስላልራበኝ ነው።

ኅዳር 15
አገኘሁበት! ከታናሼ መደርደሪያ የወሰድኩት የአውሮፕላን ሥራ መመሪያ ላይ አለ። የቧንቧው አፍ ውጭ ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ ብርድ ነው። እንፋሎቱ አፉ ላይ በረዶ ሆኖ ሊደፍነው ይችላል። ከዚያ ዘይቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል... የሚበረው ደግሞ ታናሼ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ከኮፋኖው ውስጥ፣ ሙቀት ባለበት፣ ቧንቧው ላይ አንድ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት፣ አፉ ቢደፈን በዚያ እንዲተነፍስ። ሰውዬው ይሄን ከየት ያውቀዋል? የሱ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ አይበርም።
ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 16
አልነገርኩም።

ኅዳር 19
ሰውዬው ሥራው ይበላሽበትና ይፈር ብዬ ነው የምጠብቀው። ግን መሬት ላይ አይበላሽም። ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ። ታዲያ ምን እየጠበቅኩ ነው?
ምሳ ላይ "ጋሼ፣ ምነው ዝም አልክ?" አለኝ ታናሼ። "ጥርሴን አሞኝ።" ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ያመመኝስ ቅናት ነው... በዚህ ዕድሜዬ!

ኅዳር 24
የመጀመሪያው በረራ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አውሮፕላኑ የሚነሳበት ሜዳ ላይ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ፣ ትራፓኖና ቀጭን የመብሻ ፑንታ ይዤ። ቧንቧውን ፈትቼ በሳሁት፣ ብናኙን አጽድቼ መልሼ አሰርኩት።
ታናሼ ብቻውን ወጣ። አርባ ደቂቃ። ሲወርድ ቧንቧ ሠሪው ከሥር ገብቶ የቧንቧውን አፍ ነካ። በረዶ ደፍኖታል። ኮፋኖውን ከፈቱት፤ ቀዳዳዋ ዙሪያ የዘይት ወዝ። ታናሼ ሰውዬውን እቅፍ አደረገው። "ይቺ ቀዳዳ ናት ያተረፈችኝ! አንተ ባትኖር..."
"እኔ አልበሳሁም" አለ ሰውዬው።
ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።
"እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት።"
"መቼ ነው ያወቅከው?" አለኝ ታናሼ።
ዛሬ ጠዋት ማለት እችል ነበር። "ከዘጠኝ ቀን በፊት።"
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ቀንቼ።"
ኮፋኖውን ዘግቶ ሄደ።

ኅዳር 27
ሦስት ቀን አላናገረኝም። ዝም አይነቅዝም ብሎ የተረተው ሰው ታናሽ ወንድም አልነበረውም።

ታኅሣሥ 1
ጠዋት ታናሼ በሬን አንኳኳ። ግባ ብለው አልገባም። "ሁለተኛው ወንበር ያንተ ነው" አለኝ። ጋሼ አላለኝም። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለ፦ "ከእንግዲህ ስበር አጠገቤ ትቀመጣለህ። እዚያ ሆነህ ጉድለት አይተህ ዝም አትልም።"
ከሰዓት በኋላ በረርን። ሳንነሳ በፊት ቧንቧውን ሁለቴ አየሁ።
ቀበቶዬን ራሴ ነኝ ያሰርኩት።