ሠላሳ ሰባት ቁጥር ከረጢት

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን
ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመጠበቂያው ወንበር ላይ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ እንደ ልማዱ ነው። ስፌቱም አለ። ይህን የምጽፈው ሁለት ወር ሙሉ ድምፅሽን አላሰማሽኝም ብዬ ልወቅስሽ አይደለም፤ ፈተና ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ። አክስትሽ አሁን፣ ይችን መስመር ስጽፍ፣ ከፊት ለፊቴ ካለው ድርብ በር ወዲያ ቀዶ ጥገና ላይ ናት። አትደንግጪ። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶባት ነው። እስካሁን ያልነገርኩሽ ቀጠሮዋን ሁለት ጊዜ ስለሰረዘች፣ ምን ብዬ እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው። የሰረዘችው በምን ምክንያት መሰለሽ? በፊዚክስ።

አንቺ ባሕር ማዶ የምትማሪው ፊዚክስ እንኳን አይደለም። አቶ ኳንተም የምለው አንድ ሰውዬ አለ። ድሮ የመጋረጃ ዘንግ ይሸጥ ነበር፤ እኔው ራሴ ከሱ የገዛሁት ዘንግ ጎብጦብኛል። ዛሬ ነጭ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ የሰውን በሽታ «የተዛባ ሞገድ ነው» ይላል። አክስትሽ እየጎተተች ወሰደችኝ። «እኔና እናንተ፣ ወንበሩና ኮከቡ፣ ሁላችንም አንድ ነን፤ በአንድ ንቃተ ኅሊና ውስጥ ነን» ይላል ዓይኑን ጨፍኖ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን እሱ ብቻ ነው። እኛ ምንጣፍ ላይ ነን።

እጄን አወጣሁ። «ጌታዬ፣ ባለፈው ጉንጭዎ አብጦ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ አይቼዎታለሁ። ሞገዱን ማስተካከል አቅቶዎት ነው?»

«እህቴ፣ ጥርጣሬም ሞገድ ነው» አለኝ እየሳቀ። አዳራሹ በሙሉ ትልቅ ነገር እንደሰማ ራሱን ነቀነቀ። አክስትሽ ክርኗን ጎኔ ላይ ሰካችው።

መላው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ታማሚ ሁለት ትንንሽ ከረጢት ይሰፋል፤ ሁለቱም ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ፣ ቁጥራቸውም አንድ። አንድ ጠጠር ለሁለት ይሰብርና ግማሹን እዚህኛው፣ ግማሹን እዚያኛው ውስጥ ይከታል። አንዱን ታማሚው አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ጥንዱ እሱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እያንዳንዱን መዳፉ ላይ አድርጎ ያስባል። ጥንድ ስለሆኑ እዚህ ያሰበው እዚያ ይደርሳል፤ ርቀት አያግደውም። ይህን እየሰማሁ ተናድጄ፣ ከረጢቶቹን ማን ሰፋለት ብትይኝ፣ እኔ። ሥራ ነው ብዬ። ይኼንንም ጻፊብኝ።

አንደኛ ዓመት ሳለሽ በስልክ የነገርሽኝን አልረሳሁትም። አብረው የነበሩ ሁለት ደቃቅ ነገሮች፣ የቱንም ያህል ቢራራቁ፣ አንዱን ሲያዩት የሌላው ይታወቃል ብለሽኝ ነበር። እኔም ታዲያ በሱ አንቺን ማግኘት አይቻልም ወይ ስልሽ፣ «እማዬ፣ ሰላምታ እንኳን አይላክበትም» አልሽኝ። ይህንኑ ለአክስትሽ ነገርኳት።

«ልጅሽ ገና ተማሪ ናት» አለችኝ።

«እሱስ? የመጋረጃ ዘንግ ሻጭ አይደለም እንዴ?»

ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። እሷ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከረጢቷን ደረቷ ላይ ይዛ «ሙቀት ይሰማኛል፤ እየሟሟ ነው» ትላለች። ሐኪሟ ደግሞ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ «አሁን ትንሽ ነው። አንድ ወር ከጨመራችሁ ይህን ደግሜ አልላችሁም» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የስፌት ማሽኔን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። ትርፍ ፍለጋ መሳቢያውን ጨርሼ ስስበው፣ ከኋላው፣ ከተሰበረ መርፌና ከጠመኔ ብናኝ ጋር፣ አንዲት ግራጫ ከረጢት ወድቃለች። በቀይ ክር ሠላሳ ሰባት ተብሎ ተጠልፎባታል። የአክስትሽ ቁጥር ነው፤ ሰውዬው መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የነበረባት ጥንዷ። ታውቂኝ የለ፣ አሥር አሥሩን እያሰርኩ ነው የማስረክበው፤ አንዱ እስር ዘጠኝ ሆኖ ሄዷል፣ እኔም ደግሜ አልቆጠርኩም። ሰውዬውም አልቆጠረም። መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ሰባት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። የጠጠሩን ግማሽ የት እንዳደረሰው እሱ ይወቅ። ያው ሰውዬ ግን ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ሠላሳ ሰባት ዛሬ መዳፌ ላይ ከበደችኝ፤ በሽታው እየለቀቃት ነው» ብሏታል። አክስትሽ አልቅሳለች።

ደስ አለኝ። ጥሩ ደስታ አልነበረም። እስከ ቤቷ ድረስ የምናገረውን እያጠናሁ ሄድኩ። ልብስ ስታጣጥፍ አገኘኋት። ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩላት። «ይኸውልሽ ንቃተ ኅሊናሽ» አልኩና አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት።

ከረጢቷን አነሳች። የጠመኔውን ብናኝ በጣቷ አራገፈች። ከዚያ «የት ነበረች አልሽኝ?» አለች።

«የማሽኔ መሳቢያ ኋላ።»

«አንቺ ጋ ነበረች ማለት ነው።»

«ሴትዮ፣ የነገርኩሽ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ሰውዬው ዋሽቶኛል። ሙቀቱ ግን ይሰማኝ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ አንቺ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ምን እሠራለሁ፣ እሰፋ ነበራ።»

ዋሸኋት፣ ልጄ። አሥር ሰዓት ሲሆን ማሽኑን አቆምና ሰዓቱን እያየሁ፣ ይሄኔ ያች ጅል ዓይኗን ጨፍናለች እያልኩ እሰድባት ነበር። በየቀኑ። አንድም ቀን አላለፈኝም።

«የሐሙሱን ቀጠሮ አልሰርዝም፤ እገባለሁ» አለችኝ ልብሷን እያጣጠፈች። «አንቺ ግን በር ላይ ሆነሽ ይችን ያዢልኝ።»

«ባዶ ናት እኮ።»

«ባዶዋን ያዢልኝ።»

ሰኞ አቶ ኳንተም ጋ ሄድኩ፤ አዲስ ያዘዘኝን ጨርቅ ልመልስለት። «ሠላሳ ሰባት እንዴት ናት?» አልኩት። «ከቀን ወደ ቀን እየቀለለች ነው» አለኝ። ከረጢቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ሻርፑን አስተካከለ። «ጥንዷ ስትሰወር ኃይሏ ይጨምራል» አለኝ። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ይኸው ሦስት ሰዓት ሙሉ ጨብጫታለሁ። ፊት ለፊቴ ብስኩት የሚበላ ሰውዬ አለ፤ ጭብጤን እያየ የሰረቅኩት ነገር ያለ ይመስለዋል። በግራ እጄ ወረቀቱን ይዤ፣ ከረጢቷን ከእስክሪብቶው ጋር ጨብጬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢጣመም ለዚያ ነው። አመነች ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ቃል ገብቼ ነው።

ቆይ፣ ነርሷ እየጠራችኝ ነው።

ተመለስኩ። በደህና ወጥታለች። ሐኪሟ ንጹሕ አድርጌ አውጥቼዋለሁ አለች፤ የተወሰደው ናሙና ውጤት ለሳምንት ነው። አክስትሽ ከንፈሯ ደርቆ፣ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ያዝሽልኝ?» አለችኝ።

«ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት» አልኳት።

ሳቀች። ለካ ከረጢቷን የጨበጥኩበትን እጄን በእጇ እየዳሰሰች ኖሯል።

ፈጣሪ ያንቺንም እጅ ከክፉ ይጠብቅልኝ። ሌሊት የደከምሽበት ቀን ይክፈልሽ፤ የምታውቂውን የማያውቁ ሰዎች አያሸንፉሽ። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ።

እናትሽ

የረሳሁት፦ ከደብዳቤው ጋር ያለችው ትንሽ ከረጢት ለቁልፍሽ ማስቀመጫ ናት። ከትርፍ ጨርቅ የሰፋኋት ናት፤ የጠለፍኩባትን ቁጥር ከቁም ነገር አትቁጠሪው፣ እጄ ለምዶ ነው። አንገትሽ ላይ እንዳታንጠለጥያት፣ ሰው ይስቅብሻል፤ ኪስሽ ይበቃታል። ደግሞ ስትጽፊልኝ፣ እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ንገሪኝ። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።