ውሃ ብቻ

ነሐሴ 2፣ ጠዋት 2:15

አርባ ፓንኬክ። ሰባቱ አርረዋል። ያረሩትን ለአውስትራሊያዎቹ ሰጠሁ፤ ልዩነቱን አያውቁም። ወጥ ቤቱ የትናንት ቢራና እርጥብ ካልሲ ይሸታል።

ቤቱን ታውቂዋለሽ ደብተሬ። እንግሊዝ ገዥ ሳለ የተሠራ ቀይ ጡብ፣ ማንም በማያስታውሰው ሻለቃ ስም በሚጠራ መንገድ ላይ። የወጣት መንገደኞች ሆስቴል ነው፤ ላይ መኝታ፣ ታች ባር። ቶሮንቶን ብሎ የመጣ እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም። ወደ ናያጋራ ወይ ወደ ሞንትሪያል ሲያልፉ ዝናብ የያዛቸው ናቸው። በሁለተኛው ቀን እርስ በርስ ይዋደዱና ከተማዋን ሳያዩ ሳምንት ይቀመጣሉ። እሷም አትቀየምም። ለምዳዋለች።

4:00። አንድ ሽማግሌ ገቡ። ሙሉ ልብስ፣ ኮፍያ፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ። አቶ ተሰማ። ከዊኒፔግ። አልጋውን ወንድ ልጃቸው በኢንተርኔት ነው የያዘላቸው፤ ባለ ስምንት አልጋ፣ ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ክፍል መሆኑን የነገራቸው አይመስለኝም። ገና ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ሐበሻ ነህ አይደል የኔ ልጅ?»

«ሶሪ?» አልኩ።

እንዲህ አልኩ። ጉልበቴ ብድግ ሊል ነበር፤ ያዝኩት። ደረቴ ላይ «ሳም» የሚል ተለጥፏል። ሳም ከየትም ሊመጣ ይችላል።

ምክንያት አለኝ። ሐበሻ በሚበዛበት ብሉር ጎዳና ላይ ሱቅ ያላት አክስቴ አልማዝ፣ ዶክትሬቴን ልጨርስ ጥቂት እንደቀረኝ ለገዢ ሁሉ ትናገራለች። ካቋረጥኩት ሦስት ዓመቴ። ሽማግሌው አንድ እሑድ ቤ/ክ ቢሄዱ፣ የፓንኬክ ጋጋሪው ወሬ ከቅዳሴው ቀድሞ ይወጣል።

ጥሩ ምክንያት ነው። ስጽፈው ግን አነሰ።

ነሐሴ 3፣ ጠዋት 2:40

ጋሽ ተሰማ (ለአንቺ ጋሽ እላቸዋለሁ፤ ለእሳቸው ምንም) ሳህን ይዘው ተሰለፉ። ፍልሰታ ከትናንት ወዲያ ገብቷል። እንግሊዝኛቸው አላደርስ ሲላቸው በእጃቸው ጀመሩ፦ እንቁላል ሰበሩ፣ ላም አለቡ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። አንዲት የሆላንድ ልጅ ጨዋታ መስሏት «ላም!» ብላ ገመተች። አጨበጨቡላት።

ምን እንደሚጠይቁ እዚያ ከነበርነው የገባው አንድ ሰው ነበር፤ እኔ። መልሱም በአማርኛ አፌ ላይ መጣ። የጾም አይደለም ጋሼ፣ ዳቦ በማር ልስጥዎ። ዋጥኩት። ጆጉን አንስቼ አሳየኋቸው።

«ኦንሊ ወተር።» ውሃ ብቻ።

እውነት ነው። የምጨምረው ውሃ ብቻ ነው። የወተቱና የእንቁላሉ ዱቄት ከፋብሪካው ከረጢቱ ውስጥ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። ከመመረቂያ ጽሑፌ ይልቅ በቃሌ የማውቀው እሱን ነው።

«ጋድ ብለስ ዩ» አሉኝ። ሁለት ፓንኬክ በናፕኪን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

ነሐሴ 5፣ 9:20

ባሩ የሚከፈተው 9 ሰዓት። ጋሽ ተ. እህል የሚቀምሱትም 9 ሰዓት። ስለዚህ ከ8:30 ጀምሮ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረው አንድ ግድግዳ ሰዓት ያያሉ። የባሯ ክሌር ደወሉን ስትመታ አሥራ ሁለት ብርጭቆና አንድ ፓንኬክ ወደ ላይ ይነሳሉ። «ችርስ ፓፓ!» ሁለት ዓይነት ጾም፣ አንድ ሰዓት።

ወደዋቸዋል። ብራዚላዊው የታችኛውን አልጋ ለቀቀላቸው። ሲጸልዩ ሴቶቹ በሹክሹክታ ያወራሉ። ዛሬ፣ በቅሎ ገዝቶ መንገድ ላይ ለባለቤቷ መልሶ ስለሸጣት አጎታቸው ረጅም ታሪክ በአማርኛ ነገሯቸው። በትክክለኛው ቦታ ላይ ሁሉም ሳቁ። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ያልሳቅሁትም እኔ ብቻ።

ነሐሴ 6፣ 10:10

ሚስታቸውን በስልክ አናገሩ። ከእኔ የእንግዳ መቀበያ ዴስክ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ካለው ወንበር፣ ስልኩ ባይኖርም ዊኒፔግ በሚሰማ ድምፅ። ማን ይሰማኛል ብለው ይፍሩ?

ሴት ልጃቸው ሆስፒታል ተኝታለች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ከዚህ በፊት ሁለቱ አልቆዩላትም። ከባሏ ጋር እሳቸው አይነጋገሩም፤ ሴንት ጄምስ ታውን ካለው ቤቷ ያላረፉት ለዚህ ነው። እናም፦ «ይችን ፍልሰታ ያለ እንከን ከጨረስኩላት እመቤቴ ሕፃኑን አትነሳኝም ብዬ ስለት ገብቻለሁ።»

ሚስት ምን እየበላህ ነው ሳይሉ አልቀሩም።

«አይ፣ እዚህ አንድ ደግ ልጅ አለ። ሳም ይሉታል። ፊቱ ቁርጥ የኛ ሰው። ምስኪን፣ ቋንቋ የለውም። በውሃ ብቻ ይጋግርልኛል።»

አምላክ ከረጢት ላይ የተጻፈ ዝርዝር ያነብባል ብዬ አላምንም። ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ነው እዚህ እምነት ላይ የደረስኩት። ግን መቁጠር እችላለሁ። 3፣ 4፣ 5፣ 6። አራት ቀን።

ነሐሴ 7፣ ጠዋት 3:00

ከራሴ ቤት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ጨው አመጣሁ። ሆስቴሉን በሙሉ አስጾምኩት። የወጣው ነገር የሚታጠፍ ነጠላ ጫማ ይመስላል። አውስትራሊያዎቹ የካናዳ ባህል ነው ወይ አሉ። ነው አልኩ። አንዲት እንስሳ ነክ የማትበላ ጀርመን አቀፈችኝ። አለቃዬ ከረጢቱስ አለ። እርጥበት ነካው አልኩ። ከዋሸሁት ሁሉ ያላፈርኩበት ይህ ብቻ ነው።

9:15። ጋሽ ተ. በስልክ፦ «ዛሬስ አልሆነለትም። ድርቅ ያለ ነው። ግን ምን ይደረግ፣ ልቡ ጥሩ ነው።»

ነሐሴ 8

ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ፎጣ ሰጥቻቸው ተመለስኩ።

ነሐሴ 9፣ 5:00

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

4:20 ስልክ ተደወለላቸው። ልጅቱ ድንገት ወደ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው። ለሚስታቸው ደወሉ። ዛሬ አልጮሁም። «ራሴን መረመርኩ» አሉ። «ሰው አላስቀየምኩ። ጾሜን አልሻርኩ። ምን አጉድዬ ይሆን?»

ሁለት ሜትር። እኔ የቁልፍ ካርዶች እየደረደርኩ።

በጥድፊያ ተነሱ፤ እግራቸው መሬት ላይ በተጣለ ቦርሳ ማንገቻ ተያዘ፤ በጉልበታቸው ወደቁ።

«እኔን!»

ወጣ። ከጭንቅላቴ አይደለም። እናቴ ያስቀመጠችው ቦታ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነበር። ዴስኩን ዘልዬ ያዝኳቸው። «እኔን ጋሼ! ተጎዱ?»

«ክፉ አይንካህ» አሉ፣ በልማድ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

ሆላንዳዊቷ፣ ሳም የፓፓን ቋንቋ ለመደ ብላ አጨበጨበች።

«ስምህ ማነው?»

«ሳሙኤል።»

«ሳሙኤል። እናትህ አሉ?»

«አሉ።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ጋሼ።»

በቃ። ቁጣ የለም። ቢቆጡኝ እንዴት ባረፍኩ። አብሬዎት ልምጣ አልኩ። ዴስኩ ጋ የቆሙትን አራት ሰዎች አይተው፣ «እንግዳ ይዘሃል» አሉኝ። ከኪሳቸው ናፕኪኑን አወጡ። «በጥድፊያ እጥለዋለሁ። ያዝልኝ። ሲያልቅ እመጣለሁ።»

ሄዱ።

8:45

ናፕኪኑ ፊቴ አለ። የዛሬው ንጹሕ ነው። የትናንቱም፣ የትናንት ወዲያውም። የተያዝኩበት ጥፋት ያልተያዝኩበትን ይሸፍንልኛል፤ ትንሿን ይቅር እንዳሉኝ ትልቋ ጸጥ ብላ ታልፋለች።

እንዲህ አሰብኩ። ወሬውን ሰምቼ ብናገር፣ ሕፃኑ ከተረፈ ኑዛዜዬ ቀልድ ይሆናል፤ አግዳሚው ላይ ይተረካል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ካልተረፈ ደግሞ አልናገርም። ራሴን አውቃለሁ። ለእሳቸው አዝኜ ነው እላለሁ፤ ጥቅስም አላጣም። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ምን አጉድዬ ነው እያሉ ይኖራሉ።

ስለዚህ ሳልሰማ። ምን ሆነ ሳልል፣ እሳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ። አራት ቀን፣ ወተትና እንቁላል፣ እያወቅሁ። ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም። የመጨረሻዋን ደጋግሜ አጠናኋት። ከዚያ በኋላ ብሉር ይስማ፣ አክስቴ ትስማ።

8:58። ክሌር ደወሉን ይዛለች። አሥራ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ናቸው። መሃል ላይ የአንድ ሰው ቦታ ትተዋል።

በሩ ተከፈተ። ኮፍያቸው በእጃቸው ነው። ፊታቸውን አላየሁም፤ ሆን ብዬ።

ልነሳ።