ገራዡን የመለስኩበት ቀን

እናቴ፣ እምዬ፣

አፈር ከለበስሽ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከዛሬ አልጻፍኩልሽም፤ ዛሬ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እጽፋለሁ፣ በሩ ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ፣ ደግሞ ተመልሼ እጽፋለሁ። ወንድ ልጅ ወለድኩ እኮ! ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው። ግንባሩ ቁርጥ አንቺን።

ቁስቋም ያለው ቤትሽ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ገብተናል። እሱ የቀበሌው ጸሐፊ ሆኗል። በየስብሰባው ኋላ ቀር ልማድ ይውደም ሲል ይውልና፣ ቤት ሲገባ እናቱ የሰው ዘር ሲቆጥሩ ጸጥ ብሎ ይሰማል።

የእሱ ቤተሰቦች ከአዘዞ ሊያጩኝ የመጡበት ሳምንት መቼም አይጠፋሽም። ወንድሜን ደስታን ትክል ድንጋይ ያለችው አክስቴ ዘንድ በበቅሎ ሰደድሽው፤ ያበጠ ጉልበቱን አይተው ደመ መጥፎ ናቸው እንዳይሉን። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ከእሱ ጋር ማጫወት ከተዉ ቆይተው ነበር። ልብሱን እንኳ ወንዝ ወርደሽ አታጥቢም ነበር፣ ደሙን ሰው እንዳያይብሽ። ምነው እምዬ፣ ሐኪሙ ደሙ አይረጋም፣ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ሕመም ነው፣ ተጠንቀቂለት ብሎሽ አልነበረም? መንገዱ ጎዳው፣ ውስጡ ደማ፣ በሦስተኛው ቀን እዚያው ቀረ። አንቺ ተስቦ ነው የገደለው አልሽ። እኔም ተዳርኩ። ልትሞቺ ስትይ ለማንም እንዳልናገር አስማልሽኝ።

ዛሬ ጠዋት ልጁን ሊገርዝ ገራዡ መጣ። ሊያርሱኝ የመጡት አማቴ ልጁን ከእቅፌ ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። አፌ ተሳሰረ። ኋላ ልጄን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ደስታ በምን እንደሞተ፣ ሕመሙም ከእኔ ወደዚህ ልጅ ወርዶ ሊሆን እንደሚችል። ሐኪም ሳያየው ስለት አይነካውም አልኩ። አማቴ አታላችሁ ዳራችሁብን ብለው ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ገራዡም ምላጩን ጠቅልሎ ተከተላቸው። ባለቤቴ አባቱን ሊያማክር አዘዞ ወረደ፤ ይኸው ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ አልተመለሰም። ይፍታኝ አይፍታኝ አላውቅም። ፈርቻለሁ እምዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ልጁ ምን ገዶት፣ ጡቴን ይጠባል።

መሐላሽን አፍርሻለሁና ይቅር በይኝ። በደስታ ሞት ስንት ጊዜ ተቀይሜሽ ነበር! ዛሬ አፌ ሲተሳሰር ነው የተሸከምሽው የገባኝ። የመጣው ይምጣ፣ ነገ አራስነቴን ሳልጨርስ ልጄን ታቅፌ ሆስፒታል እሄዳለሁ።

አንቺንም ደስታንም አልረሳችሁም። ልጄ አድጎ ስለ አጎቱ ሲጠይቀኝ እውነቱን እነግረዋለሁ። ስላንቺ ሲጠይቀኝ ደግሞ ፈርታ ነበር እለዋለሁ፤ የፈራችውም ለእኔ ነበር።