መምህሩ ዘርተዋል

ግንቦት 27

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። የዓመቱ መጀመሪያ። ቆርቆሮውን ደብድቦ ሄደ እንጂ ከጣት ጥልቀት በታች አልዘለቀም።

መንደሩ ግን አበደ። ጎረቤቴ ጌጡ ስልኩን እንደ ታቦት ተሸክሞ ከሱቁ ወጣ። ማሳችን ይዋሰናል፤ መገላገያ የለኝም። «መምህር፣ ስልኩ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ይላል። እንዝራ እንዴ?» ስልክህ አርሶ ያውቃል ወይ ብዬው አለፍኩ። ሱቁ በር ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁበት። ይበለው።

ሰሊጥ የሚዘራው ዝናብ ሲመጣ አይደለም። ሲቀመጥ ነው። መጀመሪያ አረሙ ይበቅላል፣ ይገለበጣል፣ ዝናቡ ይረጋል፣ ከዚያ ዘር። አራተኛ ክፍል የሚያልቅ ትምህርት… ስንት ዓመት ላስረዳ?

ሰኔ 1

ፀሐይ። አረሙ ብቅ ብሏል። ጥሩ።

ሰኔ 4

አምና መንደርተኞቹ በመጀመሪያው ዝናብ ዘርተው ዘሩ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሥር ተቀቅሎ ቀረባቸው። የእኔ ቆመ። ተማሩበት? ኧረ ወዲያ። ዘንድሮ ሰማዩን ትተው እኔን ያያሉ። ፈተና ላይ አንገቱን እንደሚያሰግግ ተማሪ… መልሱን እንጂ ጥያቄውን የሚፈልግ የለም።

ዛሬ ማሳዬ ውስጥ ጎንበስ ብዬ አፈር ዘገንኩ። ጌጡም በራሱ ማሳ ጎንበስ ብሎ ዘገነ። ምን እንደሚፈልግበት ያውቃል? ሆን ብዬ አሸተትኩት። አሸተተ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ አስበላው ነበር።

እትዬ አሰበችም መጣች። ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ማሳ ብቻዋን ነው የምትይዘው። የዓመት ጉርሷ ከዚያች ማሳ ነው፤ ለዘር ያስቀረችውም አንድ ከረጢት ሰሊጥ ብቻ። መቼ ልዝራ አለችኝ። ሲደርስ አልኳት። መቼ ነው የሚደርሰው አለች። የጌጡ መንፈስ ገባብሽ ወይ አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ተቀይማ መሰለኝ… ትቀየም።

ሰኔ 9

ጥሎ ሄደ፣ ደግሞ ጣለ። አረሙ ለመገልበጥ ደርሷል።

ይህን የመጀመሪያ እርሻ ሁልጊዜ በበሬ ነበር የማርሰው። ትራክተር የማስገባው ለዘር ብቻ። ዘንድሮ በሬዎቼን የገንዲ በሽታ ጨረሰብኝ። ስለዚህ አሁንም ትራክተር ነው። ነጂውን ዋለን ከገንዳ ውሃ ከተማ አስጠራሁት። እጁ ጎበዝ፣ አፉ ክፉ። «ዘር የሌለበት እርሻ? መምህር፣ ነዳጅ ተረፈዎት እንዴ?» አንተ መሪህን ያዝ አልኩት።

ሰኔ 10

ዋለ አረሙን ገለበጠው። ንጹሕ ሥራ። የዘር ጆንያዬ ከቤት አልወጣም።

ጌጡ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሲያይ ነበር። ከዚያ ወደ መንደር ሮጠ። ምን ያሯሩጠዋል?

ሰኔ 11

አካባቢው ሁሉ ይዘራል። ዋለ የቱ ጋ እንደሚደርስ ጨንቆታል። ምን ነካቸው? ደመናው ገና አመሻሹ ላይ እያጓራ ጠዋት የሚጠፋ ነው። ይዝሩ… እኔ ምን አገባኝ።

ሰኔ 12

ሚካኤል። ነገሩ የገባኝ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ገበሬ እጄን ይዞ «በሰዓቱ አስጀመሩን፣ ዕድሜ ይስጥዎ» አለኝ። ምን አስጀመርኳችሁ? ለካ «መምህሩ ዘርተዋል» ተብሎ ተወርቷል!

ትራክተሩን አይተው ነው። እነሱ አንድ ጊዜ ነው የሚያርሱት፤ ዘሩን በትነው በዚያው ያለብሱታል። ለእነሱ ትራክተር ገባ ማለት ተዘራ ማለት ነው። አንድ ሰው ቀረብ ብሎ መሬቱን ቢያይስ? አንዲት ፍሬ ሰሊጥ ያገኝበት ነበር?

እዚያው ቆሜ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ለማንም አልተናገርኩም። መጠየቅ የእነሱ ፈንታ ነው።

ሰኔ 16

ፀሐይ። ደመና የሚባል የለም። ዋልካው መሰንጠቅ ጀምሯል። እንዳልኩት።

ሰኔ 19

ወንዙን ተሻገርኩ። አሰበችን አይዞሽ፣ አትቸኩዪ ልላት።

ማሳዋ ታርሷል። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ የደረቀውን ቅርፊት በጥፍሯ ትሰብራለች። ከቅርፊቱ ሥር በቅሎ የደረቀ ነገር አለ… እንደ ክር የቀጠነ። ባዶው ከረጢት አጠገቧ።

«ማን ዝሪ አለሽ?»

«አንተ።»

«እኔ?»

«መምህሩ ዘርተዋል ሲባል ሰማሁ። ጌጡ ትራክተርህን በዓይኑ አይቷል። ወንድሜ ከዘራ ብዬ በሚካኤል ማግስት ዘራሁ።»

«መጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም።

«ጠይቄህ ነበር። አንተን የጠየቀ ተሰድቦ ነው የሚመለሰው። ከምንሰደብ ትራክተሩን ብናይ ይሻላል ብለን ነው።»

ብለን አለች። ከእነ ጌጡ ጋር።

ሰኔ 20

ሞኞች ናቸው። ይህ አልተለወጠም። ጭስ ባየ ቁጥር ወጥ ደረሰ የሚል ሰው ሞኝ ነው።

ግን በሚካኤል ማግስት አለች። ሚካኤል ዕለት እኔ አውቄ ነበር። ከመሳቅ ይልቅ አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን ማታውን ይደርሳት ነበር… ወሬ እንደሆን ወንዝ አያግደው።

ሳስተምር ሳለሁ ክፍሉ በሙሉ ከወደቀ ተማሪዎቹ ሰነፎች ናቸው እል ነበር። ርእሰ መምህሩ ሌላ ነገር ይለኝ ነበር። እሱንም እንቀው ነበር።

ሰኔ 23

ከዘሬ ለማሳዋ የሚበቃትን ወሰድኩላት። የጎደለብኝን ቦታ ማሽላ እዘራበታለሁ። ተቀበለች። አላመሰገነችም፤ ደግም አደረገች። መቼ እንደሚዘራ ከነምክንያቱ አስረዳኋት። ጨርሼ ቀና ስል አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ምን ያስቅሻል?

«ሳትቆጣ መናገር ትችላለህ ለካ።»

ሐምሌ 1

ቀንም ሌትም ረጋ ብሎ ይጥላል። ተቀመጠ።

ጌጡ ሱቅ ሄድኩ። በእግሬ፣ በጭቃው። ነገ እዘራለሁ፣ ለሰው ሁሉ ተናገር አልኩት። ጠርጥሮ አየኝ። «በዘር ነው መምህር? ወይስ እንደ ባለፈው?» ተቀምጠው የነበሩት ሳቁ። በእኔ። አሳለፍኩት። በዘር ነው አልኩ።

ሐምሌ 2

ዘራሁ። አሰበችም ማዶ እየዘራች ነው፤ የዋለ ትራክተር ድምፅ እስከዚህ ይሰማል።

ጌጡ ማሳዬ ውስጥ ዘው ብሎ ገባ። እንደገና ዘር ገዝቶ ከደጅ አስቀምጧል፤ ሁለተኛ ከከሰረ ሱቁንም ይዘጋል። «መምህር፣ ዝናብ መቀመጡን በምን ያውቃሉ?» የሞኝ ጥያቄ ነው። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። እጁን ይዤ ጭቃው ውስጥ ከተትኩት። እስከ ታች ርጥብ ነው? ርጥብ ነው አለ። ሲቆፍሩት ደረቅ አፈር የማይገኝበት ሲሆን ነው አልኩት።

አልገባውም። ደግሞ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

ደግሞ ጠየቀኝ።