ሆን ብዬ ያስቀረኋት ኤስ

ውድ ቲቸሬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ መርፌ ማየት ስለተጠየፈ ስፌት መኪናዬን ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያለብስ ኖሮ ዛሬ ተራው ደረሰው። ሳቂ እንጂ! ከዚህ በኋላ የምጽፈው አያስቅም።

ትናንት እናትሽን፣ "ይቺ ልጅ የአስተማሪነት ትምህርቷን ትታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምታሽገው ምን ሆና ነው?" አልኳት። ድስት እያጠበች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል፣ "'አያቴን ማስተማር ያቃተኝ ሰው አርባ ልጅ ፊት ምን ልሠራ እቆማለሁ?' ብላ ነዋ። አታውቅም እንዴ?" አለችኝ።

አላውቅም ነበር ልጄ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለኮሌጅሽ የማስተማር ልምምድ የእንግሊዝኛ ተማሪ ያደረግሽኝ ጊዜ አያትሽ ካረፈች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ከምሳ በኋላ ትመጪና ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በስፌት ጠመኔዬ ትጽፊ ነበር።

"አባባ፣ ፕረዘንት ሲምፕል ሁልጊዜ ለምናደርገው ነገር ነው። አይ ወርክ። ሺ ወርክስ። ሂ፣ ሺ፣ ኢት ሲመጡ ግሱ ላይ ኤስ ትጨምራለህ። በል።"

"ሺ ወርክ።"

"ኤሷስ?"

"ሥራ በዝቶባት ቀረች።"

ጥያቄ ላይ "ዳዝ" ሲገባ ኤሷ ከግሱ ትነሳለች ስትይኝማ፣ "ዳዝ ሽማግሌ ነው እንዴ፣ ብድግ የምትልለት?" ብዬሽ ጠመኔው ከእጅሽ እስኪወድቅ ሳቅሽ።

እንግዲህ ልናዘዝ። ትምህርቱ በአራተኛው ቀን ገብቶኛል። ገባኝ ካልኩሽ ግን በአምስተኛው ቀን አትመጪም ብዬ ፈራሁ። አያትሽ ከሄደች ወዲህ በዚያ ክፍል ድምፅ የነበረው ስፌት መኪናው ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አንዲት ኤስ አስቀር ነበር፤ አንቺም በማግስቱ ትመጪ ነበር።

ስድስት ሳምንት እንዲህ ዘለቅን። በመጨረሻው ቀን አልሳቅሽም። ጠመኔውን ሳጥኑ ውስጥ መለስሽ፣ እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግሽ። "ይቅር አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልሽኝ። ያኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። እኔ አመለኛው ግን፣ "ታዲያ ነገ በስንት ሰዓት ነው?" ብዬ ቀለድኩ። በነጋታው በሩን ገርበብ አድርጌ እስኪመሽ ጠበቅኩሽ።

ኮሌጁ አቋርጠው የወጡትን እስከ ወሩ መጨረሻ መልሶ ይመዘግባል ብላኛለች እናትሽ። ከመወሰንሽ በፊት ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁትን ደብተር እዪልኝ። እኔ የማደርገውንና የማላደርገውን፣ እናትሽ የምታደርገውን፣ ሌባዋ ድመታችን የምታደርገውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽፌበታለሁ። ፊደሎቹ የተንጋደዱት ዓይኔ ደክሞ ነው። ማንም አላገዘኝም፤ ካንቺ ሌላ ያስተማረኝም የለም።

በዚህኛው ሆን ብዬ ያጠፋሁት የለም። ስህተት ካገኘሽ የእውነት ስህተት ነው። ቀይ እስክሪብቶ ደብተሩ መሀል አስገብቼልሻለሁ።

ጠረጴዛውን ወልውዬ፣ እርማቴን እየጠበቅኩ ነው።

ያታለለሽ ተማሪሽ፣
አባባ